ኖኅና የምሕረት ቃል ኪዳን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆች! ዛሬ ስለ ጻድቁ ኖኅ እንማራለን። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 6 እስከ ምዕራፍ 9 ተጽፎ ይገኛል። ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከወላጆቻችሁ ወይም ከታላላቆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት።

ብዙዎቻችሁ መርከቡን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የገቡትን እንስሳት፣ ቅጠል ይዛ የተመለሰችውን ርግብ በሥዕል አይታችኋል። ነገር ግን ልብ በሉ! ይህ ታሪክ ስለ ውኃ ብቻ የሚናገር አይደለም። በውስጡ የእግዚአብሔር ፍርድ አለ፤ ምሕረቱም አለ። ታሪኩ የሚፈጸመው ደግሞ በጥፋት ሳይሆን በቃል ኪዳን ነው። የዛሬው ትምህርታችን ዋና ነገር ይህ ነው።

1. ቃል ኪዳን ምንድን ነው?

«ኪዳን» የግእዝ ቃል ነው። «ተካየደ» ማለት ተዋዋለ፣ ተማማለ ማለት ነው። ስለዚህ ቃል ኪዳን ሁለት ወገኖች የሚተሳሰሩበት ጽኑ ውል ነው። ሙሽራና ሙሽሪት በቤተ ክርስቲያን ሲጋቡ ቃል ኪዳን ይገባሉ፤ ምስክሮች ይቆማሉ፤ ቀለበቱም የቃል ኪዳናቸው ምልክት ይሆናል። ቀለበቱን ባዩ ቍጥር የገቡትን ቃል ያስታውሳሉ።

ሰውና ሰው ሲዋዋሉ ብዙ ጊዜ «አንተ ይህን ብታደርግ እኔ ደግሞ ይህን አደርጋለሁ» ይባባላሉ። አንዱ ቃሉን ካፈረሰ ሌላውም ይተወዋል። እግዚአብሔር ግን ምድርን ዳግመኛ በውኃ እንዳያጠፋ ቃል ሲገባ እንዲህ ያለ ግዴታ አላስቀመጠም። ታላቁ ለታናሹ ከራሱ ቸርነት የተነሣ የሰጠው ቃል ነው። አባት ሕፃን ልጁን ታቅፎ «አልጥልህም» እንደሚለው ያለ ነው። ሕፃኑ ለአባቱ የሚከፍለው ምንም ነገር የለውም፤ ነገር ግን በአባቱ ክንድ ላይ ያለ ፍርሃት ያንቀላፋል።

2. የኖኅ ዘመን

ኖኅ ከአዳም ጀምሮ ሲቈጠር ዐሥረኛው ትውልድ ነው። አባቱ ላሜሕ፣ አያቱ ማቱሳላ፣ ቅድመ አያቱ ደግሞ በቅድስና ኖሮ ሞትን ሳያይ የተወሰደው ሄኖክ ነው። ኖኅ ሴም፣ ካምና ያፌት የሚባሉ ሦስት ልጆች ነበሩት።

በዚያ ዘመን ሰዎች ፈጣሪያቸውን ረሱ። ኃይለኛው ደካማውን ይበድል ነበር፤ ምድርም በግፍ ተሞላች። እግዚአብሔርም የሰውን ክፋት አይቶ በልቡ እንዳዘነ መጽሐፍ ይነግረናል (ዘፍ. 6፥6)። ልጆች! እግዚአብሔር እንደ ሰው ሐሳቡ የሚለዋወጥ አምላክ አይደለም። መጽሐፍ «አዘነ» ያለው እኛ በሚገባን አነጋገር የእግዚአብሔርን ፍቅር ሊያሳየን ነው። እናት የማታውቀው ሰው ሲያጠፋ ብዙም ላታዝን ትችላለች፤ ልጇ ሲያጠፋ ግን ልቧ ይቈስላል። ሐዘኗ የሚመጣው ከፍቅሯ ነው። እግዚአብሔርም በሰው ክፋት ያዘነው ሰውን ስለሚወድ ነው።

በዚያ ሁሉ መካከል ኖኅ በእግዚአብሔር ፊት ሞገስን አገኘ። ጎረቤቶቹ ሁሉ በአንድ መንገድ ሲሄዱ እርሱ ብቻውን በሌላ መንገድ ሄደ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጓደኞቻችሁ ሁሉ አንዱን ልጅ ሲሰድቡት ዝም ብሎ መቆም እንኳ እንዴት እንደሚከብድ እናንተም ታውቃላችሁ።

3. ለንስሐ የተሰጠ ጊዜ

እግዚአብሔር ፍርዱን በአንድ ቀን አላመጣም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 6 ቍጥር 3 ላይ 120 ዓመት ተጠቅሷል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህ ለንስሐ የተሰጠ ጊዜ እንደ ሆነ ያስተምራሉ። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ መርከቡ ሲሠራ እግዚአብሔር ሰዎቹን በትዕግሥት ይጠብቃቸው እንደ ነበር ጽፏል (1ኛ ጴጥ. 3፥20)።

መርከቡ የተሠራው ከጎፈር እንጨት ነው። ርዝመቱ 300 ክንድ፣ ወርዱ 50 ክንድ፣ ከፍታው 30 ክንድ ነበር። አንድ ክንድ ከክርናችሁ እስከ መካከለኛው ጣታችሁ ጫፍ ያለው ርቀት ነው፤ በትልቅ ሰው ክንድ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ የመርከቡ ርዝመት ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ይበልጥ ነበር። ሦስት ደርብ ነበረው፤ ውኃ እንዳያስገባም ከውስጥም ከውጭም በቅጥራን ተለቀለቀ።

እስቲ አስቡ! እግዚአብሔር ኖኅን በአንድ ቀን ወደ ሌላ ስፍራ ወስዶ ሊያድነው አይችልም ነበርን? ይችል ነበር። ታዲያ ይህን ያህል ትልቅ መርከብ እንዲሠራ ለምን አዘዘው? አንዱ ምክንያት ሰዎቹ እንዲያዩና እንዲጠይቁ ነው። እንጨቱ ሲቈረጥ፣ ሲጠረብ፣ ሲገጣጠም የሚያይ ሁሉ «ይህ ለምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ቅዱስ ጴጥሮስ ኖኅን የጽድቅ ሰባኪ ብሎ ይጠራዋል (2ኛ ጴጥ. 2፥5)። ኖኅ በአፉም በእጁም ሰበከ። ሰዎቹ ግን አልሰሙም። ጌታችን በወንጌል እንዳስተማረን ኖኅ ወደ መርከብ እስከ ገባበት ቀን ድረስ መብላታቸውንና መጠጣታቸውን፣ ማግባታቸውንና መጋባታቸውን ቀጠሉ (ማቴ. 24፥37-39)።

እግዚአብሔር ኖኅን ወደ መርከቡ ግባ ካለው በኋላም ዝናቡ የሚመጣው ከሰባት ቀን በኋላ እንደ ሆነ ነገረው (ዘፍ. 7፥4)። ከብዙ ዘመን ትዕግሥት በኋላ ሌላ ሰባት ቀን ተጨመረ ማለት ነው። የእግዚአብሔር ምሕረት ከጥፋቱ በኋላ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ከጥፋቱ በፊትም ምሕረቱ ነበረ።

4. እግዚአብሔር ኖኅን አሰበው

ጊዜው ሲደርስ ስምንት ሰዎች ወደ መርከቡ ገቡ፤ እነርሱም ኖኅና ሚስቱ፣ ሦስቱ ልጆቹና የልጆቹ ሚስቶች ናቸው። ኖኅ የ600 ዓመት ሰው ነበር። በሩን የዘጋው እግዚአብሔር ነው (ዘፍ. 7፥16)። ዝናቡ 40 ቀንና 40 ሌሊት ዘነበ። ውኃውም በምድር ላይ 150 ቀን በረታ።

መርከቡን ለመምራት ኖኅ መቅዘፊያ ወይም ሸራ እንደ ነበረው አልተጻፈም። ዙሪያውን ሁሉ ውኃ ነው። ወደየት እንደሚሄድ አያውቅም። መቼ እንደሚወጣም አልተነገረውም። በመርከቡ ውስጥ የቈዩት አንድ ዓመት ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ «እግዚአብሔር ረስቶን ይሆን?» ብለው አስበው ሊሆን ይችላል።

በምዕራፍ 8 መጀመሪያ ላይ ግን እግዚአብሔር ኖኅን እንዳሰበው ተጽፏል። ይህ ማለት ቀድሞ ረስቶት ነበር ማለት አይደለም። እግዚአብሔር አሰበ ሲባል ለማዳን እጁን ዘረጋ ማለት ነው። ደግሞም ያሰበው ኖኅን ብቻ አይደለም። አብረውት የነበሩትን አራዊትና እንስሳት ሁሉ አሰበ ይላል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ነፈሰ፤ ውኃው ጐደለ፤ መርከቡም በአራራት ተራሮች ላይ ዐረፈ።

ኖኅ ቍራን ላከ፤ ቀጥሎም ርግብን ላከ። ርግቧ ማረፊያ አጥታ ስትመለስ ኖኅ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ ላካት፤ ማታም የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ መጣች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትላክ ግን አልተመለሰችም። ኖኅም ምድር መድረቋን ቢያይም እግዚአብሔር ውጣ እስኪለው ድረስ ጠበቀ። በትእዛዝ እንደ ገባ በትእዛዝ ወጣ።

5. የሰው ልብ አልተለወጠም

ኖኅ ከመርከቡ ሲወጣ ለራሱ ቤት ከመሥራቱ አስቀድሞ መሠዊያ ሠራ። እግዚአብሔርም መሥዋዕቱን ተቀበለ። ከዚያም ምድርን ዳግመኛ እንዲህ እንደማያጠፋት ተናገረ። ምድር እስካለች ድረስ መዝራትና ማጨድ፣ ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት፣ ቀንና ሌሊት እንደማይቋረጡ ተስፋ ሰጠ (ዘፍ. 8፥21-22)። ቤተ ክርስቲያናችንም ዓመቱን በአራት ወቅቶች ትከፍላለች፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ዘመነ ክረምት ነው። ገበሬው ዘሩን ከጎተራው አውጥቶ በአፈር ውስጥ ሲበትን ክረምቱ በበጋ እንደሚተካ አምኖ ነው። ያውቀውም አያውቀውም፣ እምነቱ በዚህ ተስፋ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ሁለት ቦታ አስተያዩ። በምዕራፍ 6 ቍጥር 5 ላይ የጥፋት ውኃ የመጣው የሰው የልብ ሐሳብ ክፉ ስለ ሆነ እንደ ሆነ ታነባላችሁ። በምዕራፍ 8 ቍጥር 21 ላይ እግዚአብሔር ምሕረትን ሲናገርም የሰው የልብ ሐሳብ ከታናሽነቱ ጀምሮ ክፉ እንደ ሆነ ይናገራል። የሰው ልብ ከውኃው በፊትም ከውኃው በኋላም ያው ነው! ውኃው ምድርን አጠበ እንጂ ልብን አላጠበም። እግዚአብሔር ምሕረቱን የሰጠው ሰው ተሻሽሏል ብሎ አይደለም። ደካማነታችንን እያወቀ ማረን።

ከመካከላችሁ አጥፍቶ «እግዚአብሔር ከእንግዲህ አይወደኝም» ብሎ የሚፈራ ይኖር ይሆናል። ዋሽቶ፣ ከእናቱ መቀነት ሳንቲም ወስዶ፣ ወይም ወንድሙን መትቶ በጨለማ መኝታው ላይ የሚጨነቅ ልጅ ይኖራል። ለዚያ ልጅ የምንነግረው ይህን ነው፦ እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑን ሲገባ ልብህን ያውቅ ነበር። ስለዚህ አትሸሽ፤ ተመለስ። ያጠፋኸውን ለእናትህ ንገራት፤ የወሰድከውን መልስ፤ ለንስሐ አባትህ ተናዘዝ። ምሕረት ለማጥፋት ፈቃድ አይሰጥም፤ ላጠፋ ሰው ግን የመመለሻ በር ይከፍታል።

6. የቃል ኪዳኑ ምልክት

እግዚአብሔር ለኖኅና ለልጆቹ የሰጠው ምልክት ቀስተ ደመና ነው (ዘፍ. 9፥12-17)። በአገራችን ሕዝቡ የማርያም መቀነት ብሎ ይጠራዋል። ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና ዝናብ ከፊታችሁ ሲዘንብ ብርሃኑ በውኃው ጠብታዎች ውስጥ አልፎ በየቀለሙ ይለያያል፤ ቀስተ ደመናም ይታያል። ስለዚህ ያለ ውኃ ጠብታ ቀስተ ደመና የለም። እግዚአብሔር የምሕረቱን ምልክት ያስቀመጠው ሰው በሚፈራው በዚያው በዝናቡ ውስጥ ነው።

ቀስት የጦር መሣሪያ ነው። ጦረኛ ጦርነቱ ሲያበቃ ቀስቱን ይሰቅላል። ደመናው ላይ የምናየው ቀስትም ፍላጻ የሌለው ቀስት ነው፤ የሰላም ምልክት ነው።

ይህ ቃል ኪዳን ከሰው ጋር ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ከወፎች፣ ከከብቶች፣ ከምድር አራዊት ሁሉ ጋር የተደረገ ነው። እንግዲህ በአህያ ላይ ከዐቅሟ በላይ የሚጭን፣ የመንገድ ውሻን ያለ ምክንያት በድንጋይ የሚመታ ልጅ እግዚአብሔር ያሰበውን ፍጥረት እየበደለ ነው።

7. «ታዲያ ጎርፍ ለምን ይመጣል?»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ ከተማ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ብዙ ሰዎችን ገድሏል፤ ቤቶችን አፍርሷል። የእግዚአብሔር ቃል ኪዳን ፈርሶ ነውን? አይደለም። እግዚአብሔር ቃል የገባው ሥጋ ለባሽ ሁሉ ዳግመኛ በጥፋት ውኃ እንዳይጠፋ ነው። በምድር ላይ ምንም ዓይነት ጎርፍ አይኖርም አላለም። ጎርፍ የወሰዳቸው ሰዎችም ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ማለት አይገባም። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ሰዎች ሲናገር እንዲህ ያለውን ፍርድ ከልክሏል (ሉቃ. 13፥4-5)። የእኛ ድርሻ መጸለይ፣ ቤቱ የፈረሰበትን ማስጠጋት፣ የተራበውን ማብላት ነው።

«ከመርከቡ ውጭ የቀሩትስ?» የሚልም ይኖራል። ቅዱስ ጴጥሮስ ክርስቶስ በኖኅ ዘመን ላልታዘዙትና በወኅኒ ለነበሩት ነፍሳት ሄዶ እንደ ሰበከላቸው ይነግረናል (1ኛ ጴጥ. 3፥19-20)። ጌታችን በመስቀል ላይ ከሞተ በኋላ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ነጻ እንዳወጣ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት መስማት እንቢ ያሉትን እንኳ እግዚአብሔር አልረሳቸውም።

8. ምሳሌነቱ

የብሉይ ኪዳን ታሪክ ለሐዲስ ኪዳን ጥላና ምሳሌ ነው።

ሀ. ሐመረ ኖኅ ማለትም የኖኅ መርከብ የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ናት። እንዲሁም ዓለም የዳነበትን ጌታ በማኅፀኗ የተሸከመች የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምሳሌ ናት።

ለ. ውኃው የጥምቀት ምሳሌ ነው። ወንዶች በተወለዱ በ40 ቀን፣ ሴቶች በ80 ቀን ስንጠመቅ ያ ውኃ ያላጠበውን ልባችንን የሚያጥብ ጸጋ ተሰጥቶናል።

ሐ. የኖኅ መሥዋዕት የክርስቶስ መሥዋዕት ምሳሌ ነው። ጌታችን በጸሎተ ሐሙስ ለሐዋርያት ጽዋውን ሲሰጥ ደሙ የሐዲስ ኪዳን ደም እንደ ሆነ ነግሯቸዋል (ማቴ. 26፥28)። ሥጋውንና ደሙን ስንቀበል በዚህ ቃል ኪዳን ውስጥ እንኖራለን።

መ. በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን የምናከብረው የኪዳነ ምሕረት በዓልም ስሙ እንደሚያስረዳን የምሕረት ቃል ኪዳን በዓል ነው።

9. ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ የገባነውን ቃል መጠበቅ። እግዚአብሔር ለማይታመነው ሰው ቃሉን ከጠበቀ፣ እኛም ለጓደኛችን «እመጣለሁ» ካልን መምጣት አለብን።

ሁለተኛ፣ የሰውን ደም አለማፍሰስ። እግዚአብሔር ኖኅ ከመርከብ ሲወጣ ከሰጠው ትእዛዝ አንዱ ይህ ነው፤ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯልና (ዘፍ. 9፥6)። ወገኑ፣ ቋንቋው ወይም አገሩ ሌላ ቢሆንም ቀስተ ደመናው ለእርሱም ተሰጥቶታል። የሰው ዘር ሁሉ ከኖኅ ልጆች ነውና።

ሦስተኛ፣ የሌላውን ነውር መሸፈን። ኖኅ ከጥፋት ውኃ በኋላ ወይን ተከለ፤ ጠጥቶም ሰከረ፤ በድንኳኑም ውስጥ ራቁቱን ሆነ። ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ ይዘው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑ። ጻድቁ ኖኅም ደከመ፤ ቃል ኪዳኑ ግን አልፈረሰም። በሰፈራችሁ ሰክሮ የወደቀ ሰው ብታዩ አትሳቁበት፤ ድንጋይም አትወርውሩበት። አባቱ የሚጠጣ ጓደኛ ያላችሁም በዚህ አታሳፍሩት። ምሕረት የተደረገለት ሰው ሌላውን ይሸፍናል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ቃል ኪዳን ማለት ምን ማለት ነው?
2. የኖኅ አባት፣ አያትና ቅድመ አያት እነማን ናቸው?
3. ከጥፋት ውኃ በፊት የታየው የእግዚአብሔር ምሕረት ምን ነበር?
4. ዘፍ. 6፥5ን እና ዘፍ. 8፥21ን አስተያይታችሁ ተመሳሳይ የሆነውንና የተለየውን ጻፉ።
5. የቀስተ ደመናው ቃል ኪዳን ከእነማን ጋር የተደረገ ነው?
6. ዘፍ. 9፥13ን ከመጽሐፍ ቅዱስ ፈልጋችሁ በቃላችሁ አጥኑ።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት የገባችሁትንና ያልፈጸማችሁትን አንድ ቃል አስቡ። ለማን እንደ ገባችሁ አስታውሳችሁ ሳምንቱ ሳያልቅ ፈጽሙት። ያጣላችሁት ጓደኛ ካለም ቀድማችሁ ሰላም በሉት።

የኖኅ አምላክ እኛንም በምሕረቱ ያስበን፤ በቃል ኪዳኑ ያጽናን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።